ሦስት መስመር

በጥቅምት መጨረሻ፣ ጃፓን፣ ጹባሜ፣ የማንኪያ ከተማ፣
ዝናቡ በረዶ ልሁን አልሁን ብሎ ሲያቅማማ፣
ለሠላሳ ሁለት ልጅ አንዳንድ ቅጽ አደልኩ፤
«የወደፊት ሥራችሁን፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ለዓርብ» ብዬ ነገርኩ።

ሠላሳ አንዱ መጣ፤ አንዱ የምሳ ወዝ ጠጥቶ፣
አንዱ ከጎረቤት፣ ከነስህተቱ ተቀድቶ፤
ኢቡኪ እንኳ ጻፈ፣ እንቅልፋሙ ልጄ፣
«ዓሣ አጥማጅ፤ ካልሆነም ማንኛውም» ብሎ አኖረልኝ ከእጄ።

የቺጉሳ ቀረ።

እሷ ናት ደብተሯን እንደ ሥዕል የምታሰምር፣
አንድ ቃል ካበላሸች ገጹን ገንጥላ እንደገና የምትጀምር፤
ፈተና ጨርሳ የማትነሳ፣ ደወል እስኪነጥቃት ድረስ፣
ልክ የነበረውን መልስ ሰርዛ በስህተት የምታድስ።
«የምታረፍደው» ይሉኛል ልጆቹ፣ «ሺናኖ ድልድይ ላይ ቆማ፣
የሲሚንቶውን ስንጥቅ ስትቆጥር ነው፤ ውርጭ አትል፣ ጨለማ።»

ሰኞ መጣችና፣ «መምህር ኩዋባራ፣
ሌላ ቅጽ ይኖርዎታል?» አለች፣ ድምጿ እየፈራ።
ሰጠኋት፤ ረቡዕም ሌላ፣ ሐሙስም ጨመርኩላት፤
የፊተኞቹን አየሁ፣ ከደብተር መሐል ሲወድቁባት፦
ላጲስ የላጠው ወረቀት፣ ማዶው በውስጡ የሚታይ፣
«ሐኪም» የሚል ሰንበር ከሥር፣ «ካርታ ነዳፊ» የሚል ከላይ።

«ምን ጎደለው?» አልኳት።

«ኬሚስትሪዬ ዘጠና አራት ነው፤ ሐኪም ግን መቶ ይሻል፤
ያልገባኝ ያ ስድስቱ፣ አንድ ቀን ሰው ይገድላል።»
«ካርታውስ?»
«ጻፍኩት፤ ቃሉ ዘመመብኝ። ካርታ ላይማ መስመር ሳሰምር...
በዘመመ ፊደል፣ መምህር፣ ሕይወት አይጀመር።»

መራጭ ይወድቃል ከምራጭ፣ ይላል የቀደመ ሰው፤
እሷ ግን ሥራውን መች ናቀች? ራሷን ነው ያቃለለችው።

እኔም በሷ ዕድሜ፣ ያው ቅጽ፣ ያው ሦስት መስመር፣
በደቂቃ ሞላሁት፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነበር።
«መምህር» አልኩ፣ ጎኔ የተቀመጠችው ስለጻፈች።
ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት። እሷ ፀጉር ቤት ከፈተች።

በወላጅ ቀን አባቷ መጡ፣ ቶኩጂ፣ ማንኪያ ወልዋይ፤
ጥቁር የብረት ዱቄት ከየጥፍራቸው ሥር የሚታይ።
ሦስታችን ተቀመጥን። ማሞቂያው ብቻ አጉረመረመ።
ከኮት ኪሳቸው አወጡ አንድ ማንኪያ፣ አንገቱ የጠመመ።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የሠራሁት ነው፣ የመጀመሪያዬ፤
ጭረት አየሁበት፣ ወለወልኩ፤ ሌላ ታየኝ፣ ወይ ዕዳዬ!
አንዱን ሳጠፋ አንዱ ሲወጣ፣ ሳምንት ሙሉ ስፈትግ ሰነበትኩ፤
ጭረቱም አለቀ በመጨረሻ፤ ማንኪያውንም አብሬ ጨረስኩ።»

ወደ መብራቱ አነሱት፤ እንደ ቅጠል ሳስቷል፣
ሾርባ ሲጨልፉበት እንኳ ወገቡ ይታጠፋል።
«ታዲያ ለምን አልጣልከውም?» አለች፣ ከወንበሯ ተነስታ።
«የሩዝ ገንፎዬን በምን ልብላ? በሱ ነው» አሉ፤ «ብቻ በዝግታ።»

ሲሄዱ ከመስኮት አየኋቸው፣ ጃንጥላው አንድ፣ ትከሻው አራት፤
እሳቸው በእርጥቡ በኩል፤ እሷ የሆነ ነገር እየነገረች በፍጥነት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቅጽ አገኘሁ፤
በብዕር። በብዕር! ላጲስ የማይነካው፤ ሁለቴ አየሁ።
«ድልድይ መርማሪ» ይላል፤ በጉንዳን ፊደል ከሥሩ፣
«ስንጥቅ ለሚያይ ዓይን ደመወዝ አለ ይባላል፤ እስቲ ያጣሩ።»

ሁለተኛው መስመር ባዶ፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።
ከ«ድልድይ» ላይ አንዲት ጭረት ጎድላለች፤ ዓይኔ አላለፋት፣ ያው።
ሃያ ስድስት ዓመት ሲያርም የኖረ እጄ ቀይ ብዕሬ ላይ አረፈ፤
ክዳኑን ሳይነቅል ቆየ።
ደወል ተደወለ። ሰዓቱ አለፈ።